የቦዩ ወርድ

በጨፌ ማርያም የሰው ወግ በሁለት ነገር ይታይ ነበር፤ በድግሱና በቦዩ። ድግስ የትም አገር አለ። ቦዩ ግን የዚያ ሜዳ የራሱ ነገር ነው።

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ለቀው ወደ ታች ዝቅ ሲሉ ድፍርሴ የሚባል ወንዝ ያገኛሉ። ወንዙ ከላይ ከቦረቦሩ አፈር ጭኖ ይመጣና ሜዳው ላይ ሲደርስ ያራግፈዋል። ሜዳው ራሱ ከጥንት ጀምሮ የተሠራው በዚሁ ደለል ነው፤ ክንድ ሙሉ ቢቆፍሩ ጠጠር አያገኙበትም። ውሃውን ከወንዙ ጠልፎ በሜዳው ላይ የሚያሳልፈው ቦይ ከአያት ከቅድመ አያት የቆየ ነው። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ማግስት አገሩ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። የውሃ አባት የሚባሉት ሹም ቦዩን በየቤቱ ያከፋፍላሉ፤ ሁሉም ድርሻውን ይጠርጋል። የሚጠርገው ሰው ታዲያ የተኛውን ደለል አውጥቶ ብቻ አይመለስም። ዳርና ዳሩን በአካፋ ላጥ ላጥ አድርጎ ትንሽ ያሰፋዋል። "አቤት ሲጠርግ! ሰፋ አድርጎ ነው" መባል ምስጋና ነው። ድርሻውን ጠባብ አድርጎ የተወ ሰው ቆጥቋጣ ይባላል፤ ስሙም ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

እንዲህ ሲሰፋ ሲሰፋ ኖሮ ቦዩ በቅሎ ከነጭነቷ የምትዞርበት ሆነ። ውሃው ግን አልጨመረም። ያው የድፍርሴ ውሃ ሰፊ አልጋ ሲያገኝ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ደለሉ እየረጋ ቦዩን ይሞላዋል። ራስጌ ያሉት ይጠጣሉ፤ ግርጌ ያሉት ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

የሀብትነሽ ማሳ ከግርጌም ግርጌ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያችኑ ሁለት ቃዳ መሬት ይዛ አንዲት ልጇን ሉሊትን አሳድጋለች። የበጋ ስንዴ ዘርታ አታውቅም፤ ውሃው ሳይደርሳት ይቀራል። የውሃ አባቱ አያ ጓዴ፣ የግርጌ ሰዎች አቤት ባሉ ቁጥር፣ "ግርጌ እግር ነው፤ እግር ይታጠባል እንጂ ውሃ አይጠጣም" እያሉ ያስቁባቸዋል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ቀልድ ከመጣላቸው ለንስሐ አባታቸውም አያስቀሩም።

ሉሊት ግን ተማረች፤ የመስኖ መሐንዲስ ሆነች፤ ሞጣ ላይ ተቀጠረች። እግዜር ሲያመጣው ደግሞ የጨፌ ማርያም ቦይ እንደገና ይሠራ ተብሎ ንድፉ እሷው እጅ ገባ። ሀብትነሽ ይህን በሰማች ቀን ደስታና ፍርሃት አብረው ገቡባት።

"የሌላ አገር ቦይ ቢሰጧት ምን ነበረበት?" አለቻት ጎረቤቷን ይርጋነሽን። "የአገር ሰው ሲያመሰግን በሹክሹክታ ነው፤ ሲያማ ግን በጥሩንባ ነው።"

"አይ አንቺ! ልጅሽ ባትማር ትጨነቂ፣ ብትማርም ትጨነቂ!" አለች ይርጋነሽ። "ደስ ይበልሽ እንጂ። እኔም እኮ የግርጌ ሰው ነኝ። ዘንድሮ በልጅሽ ተስፋ ስንዴ እዘራለሁ።"

ይህ ነገር ሀብትነሽን ይባስ አስጨነቃት። የልጇ ሥራ አሁን የሰው ጉሮሮ ውስጥ ገባ።

ሉሊት መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ከወንዙ ውሃ፣ ከሜዳው አፈር እየቀዳች በጠርሙስ ሞልታ፣ በጥብጣ በጥብጣ መደቡ ላይ ደረደረችው። ሀብትነሽ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታያታለች።

"እማ፣ እዪውማ። አሸዋው ወዲያው ወረደ። ደለሉ ዘግይቶ ወረደ። ይህ ከላይ የቀረው ልሙ ደግሞ ነገም ላይወርድ ይችላል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ውሃው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አንቺ ከገበያ እህል ተሸክመሽ ስትመጪ፣ መንገድ ላይ ሰው አግኝተሽ ወሬ ከጀመርሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሸክሜን አወርዳለኋ።"

"ውሃም እንደዚያው ነው። ዝግ ሲል ያወርዳል፤ ቦዩ ይደፈናል። ቁልቁል ካጣደፍነው ደግሞ ዳሩን እየቦረቦረ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ሳያወርድም ሳይቦረቡርም የሚሄድበት ልክ አለ። ወርዱ፣ ጥልቀቱ፣ ቁልቁለቱ ሦስቱም ተስማምተው ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ልክ ነው።"

"ሲሚንቶ ብታደርጉበትስ? የብቸና ቱቦ እንኳ ሲሚንቶ ነው።"

"ለዚህ ሁሉ ርዝመት ሲሚንቶ ከየት ይመጣል እማ? ደግሞ ሲሚንቶም ቢሆን ውሃው ዝግ ካለ ይደፈናል። የደለል አገር ቦይ የሚረጋው በራሱ ደለል ነው።"

ሀብትነሽ ግማሹ ገባት፤ ግማሹን ለማርያም ተወችው።

ሥራው ክረምቱ ሳይገባ አለቀ። አዲሱ ቦይ ከአሮጌው እጅግ ይጠባል፤ ጠለቅ ይላል። ዳሩ ጋደል ብሎ ሰርዶ ተተክሎበታል፤ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ለዘብ ብሎ ይዞራል። ዝናቡ ወጥቶ ውሃው የተለቀቀ ዕለት አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። አያ ጓዴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዳሩ ቆሙ።

"ይህ ቦይ ነው ወይስ የፍልፈል መንገድ?" አሉ። ሰው ሳቀ። "አንቺ የሀብትነሽ ልጅ፣ ውሃውን በብርሌ ልትሰፍሪልን ነው እንዴ?"

"አያ ጓዴ፣ እርስዎ አሁን ይነሡና ወደ ግርጌ ይሂዱ" አለች ሉሊት እየሳቀች። "ውሃው ካልቀደመዎት ያን ጊዜ ይሳቁብኝ።"

"ጉልበቴን ያመኛል" አሉ አያ ጓዴ።

ውሃው እውነትም ቀደመ። ድፍርስ እንደሆነ፣ አረፋውን እየገፋ፣ ሳይቆም ግርጌ ደረሰ። ይርጋነሽ እልል አለች። የራስጌ ሰዎች ግን፣ "በመጀመሪያው ቀን ማን አይሮጥ!" አሉ።

ሉሊት ከመሄዷ በፊት ሰዉን ሰብስባ ነገረችው። "ዘንድሮ ቦዩን አትንኩት። ዳሩን በተለይ አትንኩ። ውሃው እዚህ ትንሽ ይልሳል፣ እዚያ ትንሽ ያስቀምጣል፤ አንድ በጋ ካለፈው ልኩን ይይዝና ይረጋል።"

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የጨፌ ማርያም ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ግን ሰማሁ ማለቱ ነው እንጂ እሺ ማለቱ አይደለም።

ሉሊት ወደ ሞጣ ተመለሰች። የግርጌ ሰዎች ስንዴ ዘሩ፤ ሀብትነሽም ዘራች።

ሀብትነሽ በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ጀምራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ፊደል ትለያለች። አንድ ቀን፣ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ እንዳለ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ።

"የሚካኤል ማግስት ደረሰ" ትላለች አንዷ። "የሀብትነሽን ድርሻ እናያለን። ልጅቱ ጠባብ ሠራች፤ እናቲቱም ጠባብ ትተወዋለች። ከዘር ነው ማለት ነዋ!"

"ለቦዩ ምረቃ ደግሞ ከሞጣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ አሉ" አለች ሌላዋ። "ያንን የፍልፈል መንገድ ሲያዩ ልጅቱን ምን ይሏት ይሆን? አፈርኩላት እኔስ።"

ቆጥቋጣ መባሉን ሀብትነሽ ትችለው ነበር። "አፈርኩላት" የሚለው ቃል ግን ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከትምህርት ስትወጣ ቤቷ አልሄደችም። ድርሻዋን ልታይ ወረደች። ድርሻዋ ቦዩ በሾላው ዛፍ ሥር የሚታጠፍበት ነው። ውሃው በመታጠፊያው ዳሩን ትንሽ ልሶታል። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለውም፤ የሀብትነሽ ዓይን ግን የጭንቅ ዓይን ነው። "ሊናድ ነው" አለች። "በምረቃው ቀን ትልልቆቹ ሰዎች ፊት ሊናድ ነው።"

ስልኳን አወጣች። መልሳ ከተተችው። ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፤ ለምን ታስጨንቃታለች? ይህ ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ነው። እውነቱ ግን፣ ብትደውል "አትንኪው" እንደምትላት ታውቃለች።

የሚካኤል ማግስት ሀብትነሽ ጠላ ጠምቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ ደቦ ጠራች። እንደዚያ ቀን ሴት ሲቆፍር በአገሩ አልታየም። መታጠፊያውን ቀጥ አደረጉት። ሰርዶውን ላጡት። ዳርና ዳሩን ገፍተው ገፍተው እንደ ድሮው ሰፊ፣ እንደ አውድማ የተለቀለቀ አደረጉት። ይርጋነሽ እየመራች ዘፈኑም ደምቆ ነበር፦

አካፋዬ ጌታ፣ ዶማዬ ወይዘሮ፣
ማን ሊቀድመን መጣ ቦይ ሲጠረግ ዘንድሮ!

አያ ጓዴ እያዩ መጡና ከሾላው ሥር ቆሙ። የሉሊትን ትእዛዝ አልረሱትም፤ ጠዋት ሰዉን ሲያሰማሩ "ከውሃው መሄጃ የበቀለውን አረም ብቻ ንቀሉ" ብለው ነበር። አሁን ግን የልጅቱ የገዛ እናት ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ታሰፋለች።

"እንዲህ ነው እንጂ ቦይ!" አሉ። "ባልሽ ቢኖር ዛሬ ይኮራብሽ ነበር፣ ሀብትነሽ።"

ሀብትነሽ ከስንት ዘመን በኋላ ቀና ብላ ተነፈሰች።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ባለ ድርሻ ይህን አየ። "እናቲቱ ካሰፋች እኛ ምን ቤት ነን?" አለና አካፋውን አነሣ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም አየ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቦዩ መካከል በሙሉ ሰፍቶ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በላይኛው አገር ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ድፍርሴ ቡና መስሎ መጣ። አዲሱ ቦይ ራስጌውን ዋጥ አድርጎ አሳለፈው። ከሾላው ሥር ሲደርስ ግን ውሃው ፍጥነቱ ሞተ። ሀብትነሽ በየጠዋቱ ሄዳ ታያለች። መጀመሪያ ከሥሩ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ታየ። ምላሱ አደገ፤ ጀርባ ሆነ፤ በጀርባው ላይ ወፎች ይቆሙ ጀመር። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከላይ በኩል ገንፍሎ የራስጌ ሰዎችን ሽንብራ አጥለቀለቀ። ከታች በኩል ደግሞ ደረቀ። የይርጋነሽ ስንዴ ጫፉ ቢጫ ሆነ። የሀብትነሽም እንደዚያው።

ቦዩን ያማው ሰው አፉን ሞልቶ ተናገረ። "እኛ አላልንም? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ጠባብ ሠርታ አስደፈነችው።" የራስጌ ሰዎች ተማከሩ። ብቸና መንገድ የሚሠራ ስካቫተር አለ፤ ከጥምቀት በኋላ ሥራ ይፈታል። እሱን አምጥቶ ቦዩን ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ ድሮው ማስፋት ነው። ይህን ለመወሰን ከገና በኋላ ባለው እሑድ ስብሰባ ተጠራ፤ ሉሊትም እንድትመጣ ከሞጣ ተጠራች።

ሀብትነሽ በዚያ ሰሞን በየጠዋቱ መሄዷን አልተወችም። የሾላውን ሥር ባየች ቁጥር በኔ ይሆን እንዴ ትላለች፤ ግን አታምነውም። ሰው ሲያሰፋ ኖሯል፤ በአካፋ ምክንያት ውሃ የሚቆም ከሆነ እስከ ዛሬ ማን ይጠጣ ነበር? ደግሞም ትዝ ይላታል፦ እስከ ዛሬ እሷ ጠጥታ አታውቅም።

ሉሊት ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል መጣች። ፊቷ ከስቷል። ቤት ገብታ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ "ቦዩን ልየው" አለች። እናትና ልጅ ከጠለፋው ጀምረው በዳሩ ወደ ታች ሄዱ።

"ተሳስቼ ይሆናል እማ" አለች ሉሊት፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ። "የደለሉን ዓይነት ስለካ ይሆናል የተሳሳትኩት። ከሰማሁ ጀምሮ ሂሳቡን እየደጋገምኩ ነው። የት ላይ እንደሳትኩ አላገኘውም። ባላገኘው ደግሞ ነገ ምን ብዬ እከራከራለሁ? አስፉት ቢሉኝ እሺ ነው የምለው። ከዚህ በኋላም ቦይ የሚሰጠኝ የለም።"

ሀብትነሽ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረች።

ከሾላው ሥር ሲደርሱ ሉሊት ቆመች። ውሃውን አየች፤ ዳሩን አየች፤ የተላጠውን ሰርዶ አየች። ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ ጫፉን ለእናቷ ሰጠቻትና ወዲያ ማዶ ተሻገረች። ለካች። እንደገና ለካች።

"እማ፣ ይህ እኔ የሠራሁት ወርድ አይደለም። ማነው ያሰፋው?"

ሀብትነሽ የሜትሩን ጫፍ ዳሩ ላይ አኖረች። "እኔ" አለች።

"ምን?"

"እኔ ነኝ ልጄ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። 'አፈርኩላት' ሲሉ ሰማሁ፤ ለምረቃሽ ያምር ብዬ ደቦ ጠራሁ። ሌላውም እኔን አይቶ አሰፋ። በኔ ነው። ስንዴው የደረቀው፣ የይርጋነሽም፣ በኔ ነው።"

ሉሊት ወዲያ ማዶ ቆማ እናቷን አየቻት። ቀጥሎ የተደፈነውን ቦይ አየች። ከዚያ ሀብትነሽ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ልጅቱ ዳሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች። ሳቁ መካከል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ተመለሰ።

"ሂሳቡ ትክክል ነው!" አለች። "እማዬ፣ ሂሳቡ ትክክል ነው። ሲሰፋ ይደፈናል ያልኩት ነው፤ ይኸው ተደፈነ!"

"ታዲያ አትቆጪኝም?"

"እቆጣለሁ። ቆይ ትንሽ ልረፍና እቆጣለሁ።" ዓይኗን ጠረገች። ሜትሩን መጠቅለል ጀመረችና፣ "ግን እኔም አለሁበት" አለች። "እዚሁ ተወልጄ፣ የሚካኤል ማግስት አካፋ ሲወጣ እያየሁ አድጌ፣ ሰዉን 'አትንኩት' ብዬ ሄድኩ። ውሃውን ለካሁ፤ ደለሉን ለካሁ፤ አካፋውን ግን አልለካሁም።"

"ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ልጄ" አለች ሀብትነሽ። "የአገሩ ክብር እጁ ላይ ነው። አትንኩ አትበዪን። ምን እንንካ በዪን።"

ሉሊት ቀና ብላ አየቻት። መንገዱን ሁሉ እያሰበች ሄደች፤ ስታስብ እንደ ሕፃንነቷ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። አያ ጓዴ ተነሡ።

"እንግዲህ ኢንጂነሯም መጥታለች። ቦዩ ተደፍኗል። የሞተን ሰው ምን ገደለው እያልን አንዋልም፤ ቶሎ መቅበር ነው። ስካቫተሩ ይምጣና ያስፋው።"

"አዎ! ያስፋው!" አሉ የራስጌ ሰዎች።

ሉሊት ልትናገር ስትነሣ ሀብትነሽ ቀድማ ቆመች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

"አያ ጓዴ፣ የሞተውን ምን ገደለው ካሉ እኔ ልንገርዎት። የኔ አካፋ ነው። ራስጌ እኔ ያልነካሁት ቦታ ተደፍኗል?"

"አልተደፈነም" አለ አንድ ሰው ከጥግ።

"የተደፈነው ከየት ጀምሮ ነው? ከኔ ድርሻ። ልጄ ልክ ሰጠችን፤ እኔ ልኩን በደቦ አፈረስኩት። ስካቫተር ቢመጣ ሁሉንም እንደኔ ድርሻ ያደርገዋል ማለት ነው። የኔን ድርሻ አይታችሁ ወዳችሁታል?"

ሰዉ አጉረመረመ። አንዷ ሴት፣ "ምን ይሻላል ታዲያ?" አለች።

"መልሰን እናጥብበው። መጀመሪያ የኔን። ካልሆነ ስካቫተራችሁን አምጡ፤ እኔ ጠላ እጠምቅለታለሁ።"

አያ ጓዴ ሳቁ። "ለስካቫተር ጠላ! ሰክሮ ቤታችንን እንዲንደው?" ከዚያ ፊታቸው ረጋ አለ። "ማጥበብ የሚባል ደቦ ሰምቼ አላውቅም። አባቶቻችን ቢያዩን ምን ይላሉ?"

"አያ ጓዴ፣ አባቶቻችን በነበራቸው ነገር ለክተዋል" አለች ሉሊት። "እኔ መለኪያ አሠርቼ እሰጥዎታለሁ። የቦዩን ቅርጽ የያዘ የእንጨት ክፈፍ፤ ወርዱም፣ ጥልቀቱም፣ የዳሩም ጋደል። ቦዩ ውስጥ ሲያቆሙት ከዳር ዳር ገጥሞ ከቆመ ድርሻው ጥሩ ተጠርጓል። ክፍተት ካለው ሰፍቷል፤ አልገባ ካለ ጠቧል። እርስዎ ይዘውት ይዞራሉ፤ ማን ወግ እንዳለው እርስዎ ይፈርዳሉ።"

አያ ጓዴ ጢማቸውን ያዙ። በየድርሻው እየዞሩ መፍረድ የሚለው ነገር ልባቸው ውስጥ እንደገባ ሀብትነሽ ከዓይናቸው አየች።

"እስከ ጥምቀት" አሉ በመጨረሻ። "ለጥምቀት ውሃው ግርጌ ካልደረሰ ስካቫተሩ ይገባል። ያን ጊዜ ማንም አይለምነኝ።"

ሰኞ የሾላው ሥር በሰው ተሞላ። መጀመሪያ የመጡት የግርጌ ሰዎች ነበሩ፤ የራስጌዎቹ ለማየት መጥተው አካፋ ያዙ። የተኛውን ደለል ከመካከል እያወጡ፣ ባሕር ዛፍ ቸክለው ቅርንጫፍ በጠለፉበት ዳር ላይ ይደለድሉታል፤ በእግራቸው ይረግጡታል፤ ሰርዶውን ከነሥሩ ቆርጠው እያመጡ ያለብሱታል። ይርጋነሽ ሰርዶ ትሸከማለች።

"ኅዳር ላይ አስልጠሽኝ፣ ጥር ላይ ታስተክዪኛለሽ!" አለች ሀብትነሽን። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው አንቺ ነሽ።"

"ስደቢኝ፤ ይገባኛል። ብቻ አትቁሚ።"

"ሥራውን ትቼ አልሰድብሽም፤ ሁለቱንም እችላለሁ!"

መታጠፊያውን እንደገና ለዘብ አድርገው አዞሩት። አናጢው ክፈፉን ይዞ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቆመ። አያ ጓዴ ጋቢያቸውን ለአንዱ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ፣ ጭቃው ውስጥ ራሳቸው ገቡ። ክፈፉን አቆሙ። በስተግራ ገጠመ። በስተቀኝ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

"ሰፍቷል!" አሉ በታላቅ ድምፅ። "ሀብትነሽ፣ መልሺ!"

"አያ ጓዴ፣ ጣት እኮ ናት!"

"ጣት ጣት እያልን አይደል በቅሎ የምትዞርበት ያደረስነው? መልሺ!"

ሰው በሳቅ ወደቀ። ሀብትነሽ መለሰች፤ ክፈፉ ገጠመ፤ "ገባ!" የሚል ጩኸት ሜዳውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ባለ ድርሻ የሱ ቀድሞ እንዲለካ ለመነ። በተከታዩ ቀን "የኔ በአንዴ ገባ" የሚሉ ሰዎች በመንገድ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ሲሄዱ ታዩ። ሉሊት ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ሰነበተች፤ ዳር ለዳር እየሄደች ቁልቁለቱን ታያለች፤ ምሳዋን ቆማ ትበላለች። መቆጣቱንም አልረሳችውም፤ አንድ ቀን ሥራ መካከል ትዝ ብሏት እናቷን በደንብ አድርጋ ተቆጣቻት፤ ሀብትነሽም በደንብ አድርጋ ሰማች።

የከተራ ዋዜማ ጠዋት ውሃው ተለቀቀ። ሀብትነሽ ከሾላው ሥር ልትቆም ወስና ነበር፤ አልቻለችም። ዘወር አለች፤ ተመለሰች። ውሃው ከራስጌ መጣ። ድፍርስ ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዳሩን ታክኮ ዞረ፤ አልቆመም፤ አረፋው ተከትሎት አለፈ። ሀብትነሽ አንድ እንጨት ወደ ቦዩ ሥር ሰደደች። ሥሩ ጠንካራ ነው፤ የተኛ ነገር የለበትም።

"እማ፣ ሩጪ" አለች ሉሊት። "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ማሳሽ እዚያ ነው።"

ሀብትነሽ ሮጠች። ውሃው ቀድሟት ነበር። ስትደርስ የመጨረሻውን መዝጊያ አልፎ ወደ ማሳዎቹ መግቢያ ደርሶ፣ ወዴት ልሂድ እንደሚል እንግዳ ቆሟል። የማሳዋ የላይኛው ጥግ ስንዴ አልቆለታል፤ ያን ታውቃለች፤ አይመለስም። የቀረው ግን ሥሩ ገና አረንጓዴ ነው። ዶማዋን አነሣችና መግቢያውን ከፈተች። ቡናማው ውሃ በስንዴው መካከል ሰርጎ ገባ፤ ደለሉን በየሥሩ እያስቀመጠ ሄደ።

"አንቺ! ምን ማድረግሽ ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ይርጋነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አካፋ ይዛ ትመጣለች። "ተራው የኔ ነው! ዝጊው!"

"የምን ተራ? ቀድሜ የደረስኩት እኔ!"

"መቅደም አይደለም ተራ! የኔ ማሳ ከላይ ነው፤ ከላይ ያለ ይጠጣል፤ ከዚያ አንቺ! ስንዴዬን ያደረቅሽው አንሶ!"

"ይሁን፣ ግን ግማሽ ድረስ ልሙላ! እባክሽ እቴ!"

"አንድ ጠብታ አልጨምርልሽም!"

ከሩቅ አያ ጓዴ በከዘራ ተደግፈው፣ ክፈፉን በትከሻቸው ተሸክመው ሲመጡ ታዩ። ግርጌ ድረስ ወርደው አያውቁም ነበር። ጩኸቱን ሰምተው ቆሙ።

"ምንድን ነው? ሰው ሞተ?"

"አያ ጓዴ፣ ይፍረዱን!" አለች ይርጋነሽ። "ተራዬን ቀማችኝ!"

"የምን ተራ?"

"የውሃ ተራ ነዋ!"

አያ ጓዴ የሚፈሰውን ውሃ አዩ፤ ሁለቱን ሴቶች አዩ። ክፈፉን ቀስ አድርገው ከትከሻቸው አወረዱና ዳሩ ላይ ተቀመጡ።

"ስንት ዘመን የውሃ አባት ሆንኩ" አሉ። "የግርጌ ሰው በውሃ ተራ ሲጣላ ዛሬ ማየቴ ነው።"

ይርጋነሽ ሀብትነሽን አየቻት፤ ሀብትነሽም ይርጋነሽን። እውነትም ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣሉበት ነገር ኖሯቸው አያውቅም።

"እንግዲህ ተጣሉ" አሉ አያ ጓዴ፤ "እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ። ማን ይጀምራል?"

"እኔ!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።